የግድግዳው ሥዕልና የአንገት ጌጡ፦ የፊቢ አና ትራክዌር ጉዳይ

የአንድ ሠዓሊ ሥራ ሠሪው ካለፈ በኋላ መትረፍ አለመትረፉን የሚወስነው የሥራው ጥራት ነው ብለን ማሰብ ይቀናናል። ከ1852 እስከ 1936 የኖረችው የብሪታንያ ሠዓሊ፣ ጥልፍ ሠሪና የጌጣጌጥ ንድፍ ባለሙያ ፊቢ አና ትራክዌር የተወችው ታሪክ ግን ይህን ግምት አይደግፍም። በአንድ እጅና በአንድ ከተማ የተሠሩት ሥራዎቿ ሁለት የተለያየ ዕድል ገጥሟቸዋል። መዳፍ ውስጥ የሚገቡት የኢናሜል (በብረታ ብረት ላይ በእሳት ቀልጦ የሚጣበቅ ባለቀለም መስታወት) ጌጦቿ ከባለቤት ወደ ባለቤት እየተላለፉ ብዙዎቹ በደህና ወደ ሙዚየም ገብተዋል፤ ስሟን ያስጠሩት ታላላቅ የግድግዳ ሥዕሎች ግን ለመጥፋት ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ ተረስተው ነበር። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው የዚህን ልዩነት ምክንያት ሲሆን፣ ዋናው ማስረጃም በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ፣ ማንስፊልድ ፕሌስ በተባለው ስፍራ የሚገኘው የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቅሪተ አካል እስከ ግድግዳ

ፊቢ አና ሞስ ሜይ 24 ቀን 1852 በደብሊን አቅራቢያ በምትገኘው ኪልተርናን ከሐኪም አባት ተወለደች፤ አየርላንድ በዚያን ጊዜ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ነበረች። በሮያል ደብሊን ሶሳይቲ ሥር በነበረው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስትማር፣ በዚያው ከተማ ይሠራ የነበረ ራምሴይ ሂትሊ ትራክዌር የተባለ ስኮትላንዳዊ ሳይንቲስት ስለ ጥንታዊ ዓሦች ቅሪተ አካል ለሚጽፋቸው ጥናቶች ሥዕል እንድትሠራ ተጠየቀች። ሥራው ወደ ትዳር አመራ። በ1873 ተጋቡ፤ በዓመቱም ባልየው በኤድንብራ ሙዚየም የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ስለተሾመ ኑሯቸውን ወደዚያው አዛወሩ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

የሕይወት ታሪኳን የሚተርኩ ሰዎች ይህን የቅሪተ አካል ሥዕል እንደ መግቢያ ጠቅሰው በፍጥነት ያልፉታል። እኔ ግን ቆም ሊባልበት የሚገባ ነጥብ ይመስለኛል። በድንጋይ ላይ የታተመን ዓሣ ለሳይንስ ጽሑፍ የሚሥል ሰው ቅርፊቱን አንድ በአንድ፣ የአጥንቱን መጋጠሚያ በትክክለኛ ቦታው ማስቀመጥ አለበት፤ ያልታየውን መጨመር፣ የታየውንም ማሳመር አይፈቀድለትም። ትራክዌር ለባሏ ጥናቶች እንዲህ ያለውን ሥራ ለብዙ ዓመታት ሠርታለች። ከጊዜ በኋላ በጥቂት ሳንቲሜትር መዳብ ላይ ክንፍ ያለው መልአክ ከነፊቱ ገጽታ ማሳረፍ የቻለችው እጅ በዚህ ልምምድ የተገራ እጅ ነው።

የመጀመሪያው የግድግዳ ሥራ የመጣው በ1885 ነው። ለከተማዋ ድሆች መኖሪያና ለሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ውበት ይቆረቆር የነበረው የኤድንብራ ሶሻል ዩኒየን የተባለ ማኅበር፣ በሕፃናት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚገኘውን የአስከሬን ማቆያ ጸሎት ቤት እንድታስጌጥ ጋበዛት። ቦታው ቀድሞ የድንጋይ ከሰል ይከማችበት የነበረ ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ቀብሩ እስኪፈጸም ድረስ ሬሳውን የሚያሳርፉበት ሆኖ ተለውጦ ነበር። ትራክዌር ክፍሉን በእናትና በልጅ፣ በመላእክትና በትንሣኤ ተስፋ ሥዕሎች ሞላችው። ዕድሜዋ 33 ነበር፤ ከዚያ በፊት ግድግዳ ሥላ አታውቅም። ሥራዋ በመወደሱም ከ1888 እስከ 1892 ባሉት ዓመታት የቅድስት ማርያም ካቴድራል መዘምራን የሚለማመዱበትን አዳራሽ በሙሉ እንድትሥል ዕድል አገኘች።

ለአዳራሹ የመረጠችው ርእስ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። ከእቶኑ እሳት ውስጥ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ያሰሙት፣ ፍጥረት ሁሉ እግዚአብሔርን እንዲባርክ የሚጠራው የሠለስቱ ደቂቅ መዝሙር ነው። በዚያ ምስጋና መካከል ግን የሳለችው የጥንት ቅዱሳንን ብቻ አይደለም፤ የካቴድራሉን ካህናትና መዘምራን ልጆች በእውነተኛ መልካቸው፣ እንዲሁም ባለቅኔው ቴኒሰንን፣ ሠዓሊዎቹን ሮሴቲንና ዋትስን የመሰሉ ያደነቀቻቸውን የዘመኗን ታላላቅ ሰዎች አስገብታለች። በየዕለቱ ለልምምድ የሚገባ አንድ የመዘምራን ልጅ ቀና ሲል የራሱን ጓደኞች በግድግዳው ላይ ያያል ማለት ነው።

በዚሁ ወቅት ለሥነ ጥበብ ሐያሲው ለጆን ረስኪን ጽፋለት ነበር፤ እርሱም በ1887 ከስብስቡ የመካከለኛውን ዘመን የብራና መጻሕፍት አውሶ አስጠናት። በወርቅና በሰማያዊ ቀለም የደመቁት የብራናዎቹ ገጾች ያሳደሩባት ተጽዕኖ በኋለኛዎቹ ሥራዎቿ ሁሉ ላይ በግልጽ ይታያል።

የማንስፊልድ ፕሌስ ሥራ

በ1893 የጀመረችው ሥራ ከቀደሙት ሁሉ የሚልቅ ነበር። ካቶሊክ አፖስቶሊክ የምትባለው ቤተ ክርስቲያን፣ ሮበርት ሮዋንድ አንደርሰን በነደፈው ግዙፍ ሕንፃዋ ውስጥ ያሉትን ባዶ ግድግዳዎች እንድትሥል ውል ሰጠቻት። ይህች ቤተ ክርስቲያን በስሟ ምክንያት ከሮማ ካቶሊክ ጋር ልትምታታ አይገባም፤ በ1830ዎቹ በእንግሊዝ የተመሠረተች፣ የክርስቶስ ዳግም ምጽአት በቅርቡ ይሆናል ብላ የምትጠባበቅ፣ ለዚያም ዝግጅት አሥራ ሁለት አዲስ ሐዋርያት ተጠርተውልኛል ብላ የምታምን የተለየች ማኅበር ነበረች።

እምነቷ የሥዕሉን ይዘት ወሰነው። በቤተ መቅደሱ ቅስት ላይ በዙፋኑ ዙሪያ የሚሰግዱት ሃያ አራቱ ሽማግሌዎች፣ እኛ ካህናተ ሰማይ የምንላቸው፣ ተሣሉ። በአንደኛው የጎን ጸሎት ቤት ውስጥ መብራታቸውን ይዘው ሙሽራውን የሚጠብቁት አሥሩ ደናግል በተከታታይ ክፍሎች ቀረቡ፤ በምዕራቡ ግድግዳ ላይም ጌታ በክብር ሲመጣ ይታያል። ሙሽራውን መጠበቅ የዕለት ኑሮው ለሆነ ምእመን ከአሥሩ ደናግል የተሻለ ርእስ ሊገኝ አይችልም።

አሠራሩ በጥንቃቄ ታስቦበታል። እርጥብ ልስን ላይ የሚሣልበት የጣሊያኖቹ ዘዴ ለስኮትላንድ እርጥበታማ አየር አይመችም። ስለዚህ ትራክዌር በደረቀው ልስን ላይ ነጭ የዚንክ ቀለም ደጋግማ ካስቀባች በኋላ፣ የዘይት ቀለሙን በተርፔንታይን አቅጥናና ከንብ ሰም ጋር ቀላቅላ ሠራችበት። ቀለሙ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ነጭ ብርሃኑን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ሥዕሉ ከውስጥ የበራ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ የክብር አክሊሎችንና ጌጦችን ደግሞ በልስን ከፍ አድርጋ በወርቅ ለበጠቻቸው፤ የብራና ገጽ በግድግዳ ልክ የተዘረጋ እስኪመስል ድረስ። ሥራውን በመወጣጫ ላይ ቆማ የሠራችው በአብዛኛው በራሷ እጅ ሲሆን ስምንት ዓመት ያህል ወስዶባታል። በእነዚሁ ዓመታት፣ የነፍስን ጉዞ ከመግባቷ እስከ ድሏ የሚያሳዩና ዛሬ በስኮትላንድ ብሔራዊ ጋለሪ የሚገኙ አራት ታላላቅ የጥልፍ ሥራዎችንም በሐርና በወርቅ ክር ትሠራ ነበር።

1901

ጉዳዩ የሚታጠፈው በ1901 ነው። በዚያ ዓመት ትራክዌር የማንስፊልድ ፕሌስን ሥዕል ጨረሰች። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የመጨረሻው የነበረው ፍራንሲስ ውድሃውስ በለንደን አካባቢ ሞተ። በቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት መሠረት ካህን መሾም የሚቻለው በሐዋርያ እጅ ብቻ ስለነበር፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ አዲስ ካህን ሊኖር አልቻለም። ያሉት እያረጁ ይሞታሉ፤ የሚተካቸው የለም፤ ቅዳሴውም ካህን ባለቀበት ደብር ሁሉ ይቆማል። ቀለሙ ገና በቅጡ ሳይደርቅ የግድግዳው ጠባቂዎች ቁጥር መመናመን ጀመረ ማለት ነው። ይህን አጋጣሚ የሕይወት ታሪኳ ጸሐፊዎች ብዙም ሲያጎሉት አይታይም፤ ለእኔ ግን የሥዕሉን ቀጣይ መቶ ዓመት በሙሉ የሚያስረዳው እርሱ ነው።

ሦስተኛው የ1901 ክንውን ደግሞ ትራክዌርን ወደ ጌጣጌጥ መራት። የአንድ ባለጸጋና የጥበብ ወዳጅ ሚስት የነበረችው ሌዲ ጊብሰን ካርማይክል፣ በብሪታንያ የኢናሜልን ጥበብ ካነቃቁት ባለሙያዎች ቀዳሚ ከነበረው ከአሌክሳንደር ፊሸር ዘንድ ለንደን ውስጥ ተምራ ነበርና፣ የተማረችውን ለትራክዌር አሳየቻት። 49 ዓመት ሊሞላት የተቃረበው ሠዓሊ አዲሱን ሙያ እንደ ጀማሪ ተቀብላ በቤቷ ምድጃ አስተከለች።

ሥራው ከቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ስስ የመዳብ ወረቀት በሚፈለገው ቅርጽ ይቆረጥና ከጀርባው ቀስ እየተባለ ተቀጥቅጦ በጥቂቱ እንዲያብጥ ይደረጋል፤ ጠፍጣፋ ቢሆን በእሳት ይጣመማልና። ባለቀለም መስታወት በሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪልም ተወቅጦ፣ የደፈረሰው ውሃ እስኪጠራ ተደጋግሞ ይታጠባል። ጀርባውም ቢሆን በኢናሜል ይለበጣል፤ አለበለዚያ መዳቡና መስታወቱ ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይኮማተሩ ፊቱ ይሰነጠቃል። ከፊት በኩል የመጀመሪያው ሽፋን ከተቃጠለ በኋላ ቁርጥራጭ የብር ወይም የወርቅ ቅጠል፣ ማለትም እጅግ የሳሳ ሉህ፣ ይነጠፍበታል፤ በላዩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም በብሩሽ ጫፍ ይደረደራል፤ ከዚያም ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ውስጥ ለደቂቃ ወይም ለሁለት ደቂቃ ገብቶ ይወጣል። እንዲህ ያለው መግባትና መውጣት ለአንዲት ትንሽ ጌጥ በርካታ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል፤ እያንዳንዱም ጊዜ የቀደመውን ሥራ በሙሉ የማጣት አደጋ አለው። ቀለሙ ምድጃ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ የሚያሳየው መልክ ስለሚለያይ፣ ሠሪዋ የምታየውን ሳይሆን የምታስታውሰውን ቀለም ነው የምትሥለው።

ትራክዌር በዚህ ዘዴ የአንገት ሐብሎችን፣ ተንጠልጣይ ጌጦችን፣ ትንንሽ ሣጥኖችንና በመሠዊያ ሥዕል አምሳል የሚታጠፉ ባለሦስት ክፍል ሥራዎችን ሠራች። ከታወቁት አንዱ በ1902 የሠራችው፣ ኩፒድ የተባለው የሮማውያን የፍቅር አምላክ ምድርን ተሸክሞ የሚታይበት የአንገት ጌጥ ነው፤ በቅጠል ላይ የተነጠፈው ኢናሜል በወርቅ ክፈፍ ተይዞ ዛሬ በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በብርሃን ፊት ሲዟዟር ከሥሩ ያለው ቅጠል ቀለሙን ያፈካዋል። የግድግዳው ነጭ ዚንክና የጌጡ የብር ቅጠል የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ሁለቱም ብርሃንን በቀለሙ ውስጥ አሳልፈው ይመልሱታል። ስለዚህ ወደ ጌጣጌጥ ያደረገችውን ሽግግር የትልቅ ሠዓሊ መዝናኛ አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው፤ ስምንት ዓመት ስትፈትነው የቆየችውን ሐሳብ በሌላ ቁስ ቀጠለችበት እንጂ አልተወችውም።

ሥራው ግን የእርሷ ብቻ አልነበረም። ኢናሜሉ የሚቀመጥባቸውን የብረታ ብረት ክፈፎች ብዙውን ጊዜ የነደፈው አርክቴክት የነበረው የበኩር ልጇ ራምሴይ ሲሆን፣ ወርቁንና ብሩን የሠራው ደግሞ ጄ. ኤም. ታልበርት የተባለ የኤድንብራ አንጥረኛ ነው። በሙዚየም መስታወት ውስጥ አንድ ስም ብቻ ሲነበብ፣ ከጀርባው የሦስት ሰው እጅ መኖሩን ማስታወስ ተገቢ ነው። የኢናሜል ችሎታዋ ወደ መንግሥታዊ ክብርም አድርሷታል፤ በኤድንብራ የቅዱስ ጊልስ ካቴድራል ውስጥ በ1911 በተከፈተው፣ ቲስል የተባለው የስኮትላንድ የክብር ማዕረግ ባላባቶች ጸሎት ቤት፣ ከባላባቶቹ መቀመጫ ጀርባ የተተከሉት ቀደምት የኢናሜል አርማዎች የእርሷ ሥራዎች ናቸው።

ሙያዋ እየታወቀ ሲሄድ ተቋማቱ ግን ዘገዩ። በ1900 ለሮያል ስኮትላንድ አካዳሚ የክብር አባልነት ስሟ ቀርቦ ተቀባይነት አላገኘም። ይህ የሆነው የማንስፊልድ ፕሌስ ሥዕል ሊጠናቀቅ ሲቃረብ መሆኑ ውሳኔውን የባሰ አስገራሚ ያደርገዋል። በ1920፣ 68 ዓመት ሲሆናት፣ የአካዳሚው የመጀመሪያዋ ሴት የክብር አባል ሆና ተመረጠች። በዚያ ዕድሜዋም አላረፈችም፤ በእንግሊዝ ሃምፕሸር በምትገኘው የቶርኒ ሂል ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻውን የግድግዳ ሥዕሏን እስከ 1922 ድረስ ሠርታለች። ባሏ በ1912 ሞቶ ነበር፤ እርሷም ኦገስት 4 ቀን 1936 ኤድንብራ ውስጥ አረፈች።

ግድግዳው ብቻውን ሲቀር

ትንሹ ጌጥ ባለቤቱ ሲሞት ለልጅ ይወረሳል፤ ወራሹ ካልፈለገው ይሸጠዋል፤ ገዢው ዋጋ የከፈለበትን ነገር ይንከባከባል። ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ግን ከቤቱ ተነጥሎ አይወረስም፤ ቤቱን የገዛ ሰው ሥዕሉን ፈልጎ ላይሆን ይችላል። በእኛ አገር በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ ከግድግዳው ጋር ስለሚለጠፍ፣ ሕንፃው ሲፈርስ ሥዕሉን ገንጥሎ ማውጣት አንዳንዴ ይቻላል። ትራክዌር እንዲህ ያለ መውጫ አልነበራትም። የሕፃናት ሆስፒታሉ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር ከመጀመሪያው ጸሎት ቤት ሊተርፍ የቻለው፣ ከነልስኑ ተቆርጦ ወደ አዲሱ ጸሎት ቤት የተወሰደው ክፍል ብቻ ነው፤ እርሷም ቀሪውን ከ1896 እስከ 1898 እንደገና ሣለችው። አደጋውን ገና በሕይወት ሳለች በዓይኗ አይታዋለች ማለት ይቻላል።

የማንስፊልድ ፕሌስ ሕንፃ በ1950ዎቹ መጨረሻ አገልግሎቱ ቆመ። የቤተ ክርስቲያኗ የመጨረሻ ካህንም በ1971 ለንደን ውስጥ አረፈ። ከዚያ በኋላ ሕንፃው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ በአንድ ወቅት የጡብ ማከማቻ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ የምሽት ክበብ ሆነ። የጣሪያው ውሃ በግድግዳው እየሰረገ ልስኑን አላቀቀው፤ ጨው ወደ ላይ እየወጣ ቀለሙን አፈረፈረው። በሌላ በኩል ያን ጊዜ ምሽት የሚያሳልፉበት ወጣቶች ዓይናቸውን ወደ ላይ ሲያነሡ መላእክቱን ያዩ ስለነበር፣ ክበቡ ሥዕሉን ጎዳው ብሎ ብቻ መፍረድ ከባድ ነው፤ ከተማዋ ምን እንዳላት ለአዲስ ትውልድ ያስታወሰው አንዱ ምክንያት እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ማዳኑ የተጀመረው በዜጎች ነው። የአካባቢው ሰዎችና የሥነ ጥበብ ወዳጆች ማኅበር አቋቁመው ድምፃቸውን አሰሙ፤ በ1998 የማንስፊልድ ትራክዌር ትረስት የተባለ የአደራ ድርጅት ሕንፃውን በባለቤትነት ያዘ። ትረስቱ የገጠመው ዋና ጥያቄ ሥዕሉን እንዴት እናድሰው የሚል ብቻ አልነበረም፤ በመጪው ሃምሳ ዓመት ጣሪያውን የሚጠግነው ማን ነው የሚል ጭምር እንጂ። መልሱ ሕንፃውን ሥራ ማስያዝ ሆነ። ከሥር ያለው ወለል ወደ ቢሮ ተለውጦ የስኮትላንድ የበጎ ፈቃድ ድርጅቶች ምክር ቤት ገባበት፤ ዋናው አዳራሽ ለሠርግ፣ ለኮንሰርትና ለስብሰባ ይከራያል። የሥዕሎቹ እድሳት ከ2003 እስከ 2005 የተካሄደው ጣሪያው ከታደሰና ግድግዳው እንዲደርቅ ጊዜ ከተሰጠው በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነበር፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ቢጠገን ጨው እንደገና ይገፋዋልና። ዛሬ አዳራሹ በወር አንድ እሑድ ለሕዝብ በነፃ ይከፈታል።

ቅዱስ በሆነ ስፍራ ሠርግና የኩባንያ ግብዣ መደረጉ ለአንዳንድ ሰው ላይዋጥ ይችላል። ሆኖም ቤተ ክርስቲያኗ በራሷ ሥርዓት ምክንያት ልትቀጥል ያልቻለች ከመሆኗ አንጻር፣ አማራጩ የምእመናን መመለስ ሳይሆን የሚያፈስ ጣሪያ ነበር።

የሕፃናት ሆስፒታሉ ጉዳይ በተቃራኒው ገና አላለቀም። ሆስፒታሉ በ2021 ከአሮጌው ግቢ ለቆ ወደ ከተማዋ ዳር ሲዛወር፣ ግቢው ለመኖሪያ ቤቶች ግንባታ ተላልፎ ነበር፤ ጸሎት ቤቱም ከነሥዕሉ አብሮ ቀረ። በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ስለሆነ ማንም ያለ ፈቃድ ሊያፈርሰው አይችልም። ነገር ግን የሟች ሕፃናት ማረፊያ የነበረ ክፍል በመኖሪያ ቤቶች መካከል ምን አገልግሎት ይሰጣል፣ የጣሪያውንስ ወጪ የሚሸፍነው ከየትኛው ገቢ ነው የሚለው ጥያቄ ማንስፊልድ ፕሌስ ላይ እንደተደረገው በስሌት መመለስ ያለበት ነው፤ የቅርስ ጥበቃ ሕጉ ያለ ፈቃድ ማፍረስን ይከለክላል እንጂ ማሞቂያ አያበራም።